ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሆን ፒክአፕ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ለቤትም ለሥራም የሚያገለግል አንድ ፒክአፕ ለመግዛት ከሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚነሡ ናቸው።

ፒክአፕ በእርግጥ ያስፈልገኛል ወይስ የቤት መኪና ይበቃኛል?

ያለፉትን ሦስት ወራት መለስ ብለው ያስቡና፣ በቤት መኪና ሊጓጓዝ የማይችል ዕቃ ስንት ጊዜ እንደገጠመዎት ይቁጠሩ። በወር አንድ ጊዜ ከሆነ ለዚያ ቀን የጭነት መኪና መከራየት በብዙ ይረክሳል፤ ፒክአፕ ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና የሚጠይቀው ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ባዶ ሆኖ በሚውልባቸው ቀናትም ጭምር ነውና። በየሳምንቱ የዶሮ መኖ፣ የውሃ በርሜል፣ የግንባታ ዕቃ ወይም የሱቅ ሸቀጥ የሚያመላልሱ ከሆነ ግን፣ የቤት መኪና ወንበር አጥፎ ሲሚንቶ መጫን መኪናውን መግደል ስለሆነ ፒክአፕ መግዛቱ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው በቂ ምክንያት መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወርደው ወደ እርሻዎ ወይም ወደ ወላጆችዎ ቤት የሚያስገባው መንገድ ኮረኮንች ከሆነ፣ የፒክአፕ ከፍታና ጠንካራ ሻንሲ (መኪናው የቆመበት የብረት አጽም) ጭነት ባይኖርም ዋጋቸውን ያወጣሉ።

ነጠላ ጋቢና ይሻላል ወይስ ደብል ጋቢና?

ደብል ጋቢና አምስት ሰው ይይዛል፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን የካሶኒው ርዝመት ነው። በተለመዱት ፒክአፖች ላይ የደብል ጋቢና ካሶኒ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የነጠላ ጋቢና 2.3 ሜትር ያህል ይደርሳል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ የጫኑ ዕለት ግን በግልጽ ይታያል። በነጠላ ጋቢና ላይ ቆርቆሮው ጠፍጣፋ ተኝቶ ስፖንዳው ይዘጋል። በደብል ጋቢና ላይ ደግሞ ስፖንዳው ተከፍቶ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስለሚወጣ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰርና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ማንጠልጠል የግድ ይሆናል። የአሥራ ሁለት ሜትር ፌሮን በተመለከተ ከሁለት ታጥፎም ስድስት ሜትር ስለሚሆን ለማንኛውም ፒክአፕ የሚመች ጭነት አይደለም።

በቤቱ ውስጥ ያለው መኪና ይህ አንድ ብቻ ከሆነና ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱበት ከሆነ፣ ደብል ጋቢና መግዛት እንጂ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ለሱቅ ወይም ለአትክልት ንግድ የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ለማይቀመጥበት የኋላ ወንበር ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ በየቀኑ የሚፈልገውን ካሶኒ ያሳጥራል፤ ይህ በተደጋጋሚ የማየውና የሚያሳዝነኝ ስሕተት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ኤክስትራ ካብ ደግሞ ገበያ ላይ እምብዛም ባይገኝም ሊናቅ አይገባም፤ ካሶኒው 1.8 ሜትር አካባቢ ሆኖ ከወንበሩ ጀርባ የሥራ መሣሪያ ቆልፎ ለማስቀመጥ የሚበቃ ቦታ አለው።

ስንት ኩንታል መጫን ይችላል?

እንደ ሃይሉክስ፣ ዲማክስና ኤል200 ያሉት ፒክአፖች የተሠሩት አንድ ቶን ገደማ ማለትም አሥር ኩንታል አካባቢ ለመሸከም ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር በዚህ ክብደት ውስጥ ተሳፋሪዎቹም የሚቆጠሩ መሆናቸውን ነው። አምስት ጎልማሶች ሲቀመጡ 350 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚሆኑ፣ ለካሶኒው የሚቀረው ከስድስት ኩንታል ተኩል አይበልጥም፤ ይህም አሥራ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ትክክለኛው መጠን በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከመኪናው መመሪያ ወይም በሩ አካባቢ ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ያንብቡ።

«ባሌስትራ ጨምሬበት ሃያ ኩንታል ይጭናል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥምዎት፣ እየሰሙ ያሉት ስለ መኪናው ጥንካሬ ሳይሆን ስለደረሰበት ጉዳት መሆኑን ይወቁ። ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ ሲጨመር ፍሬኑ፣ የኋላ ኩሽኔታውና ሻንሲው አብረው አይጠነክሩም። ትርፉ ጭነት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚመጣውም አደጋ ከዚሁ የሚነሣ ነው።

ሠራተኞቼን ካሶኒው ላይ ማሳፈር እችላለሁ?

አይገባም። ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ውይይት ይባሉ የነበሩት ታክሲዎች ፒክአፕ ነበሩ ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ነገር ግን በእነዚያ ላይ ክዳንና ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባቸው የተገጠሙ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩባቸው። ክፍት ካሶኒ ላይ የተቀመጠ ሰው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የሚይዘው ምንም ነገር የለም። ሠራተኛ በየቀኑ የሚያመላልሱ ከሆነ ደብል ጋቢና ይግዙ።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

በአገራችን ሁኔታ ይህን ጥያቄ ከከፍታ ለይቶ መመለስ አይቻልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። በመሆኑም በወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው ከሰማንያ ያነሰ ነው፤ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህን ኪሳራ በአመዛኙ ይቋቋማል። ስለዚህ ደጋ ላይ ለሚኖርና ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው ዋናው ጥያቄ «ቱርቦ አለው ወይ?» የሚለው ነው።

ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የቶዮታ 5ኤል፣ ዳገት ላይ ዘገምተኛ ቢሆኑም አሠራራቸው ቀላል በመሆኑ በትንሽ ከተማ ያለ መካኒክም በደንብ ያውቃቸዋል። ዲፎርዲ (D-4D) ተብለው የሚታወቁት የቶዮታ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተሮችና ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጉልበታቸውም የነዳጅ ቁጠባቸውም የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ስለሚረጩ ውሃና ቆሻሻ የተቀላቀለበትን ነዳጅ ፈጽሞ አይታገሡም። ከበርሜል በጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጥ ናፍጣ ኖዝልና ፖምፓ ያበላሻል፤ የእነዚህ መለወጫ ዋጋ ደግሞ ለዓመታት የቆጠቡትን የነዳጅ ወጪ ይወስዳል። የናፍጣ ፊልትሮን በወቅቱ መለወጥና ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ቸል የሚባል ሥራ አይደለም።

የቤንዚን ፒክአፕ፣ በተለይ 2.7 ሊትሩ ሃይሉክስ፣ ድምፁ ለስላሳና ጥገናው ቀላል ነው። ጭነቱ ቀላል ሆኖ በከተማ ውስጥ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ያለ ሥጋት ሊመከር ይችላል። ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ግን የነዳጅ ፍጆታው ይከብዳል።

ፎር ዊል ያስፈልገኛል?

ክረምት በገባ ቁጥር ዋልካ አፈር ላይ የሚነዱ ከሆነ ያስፈልግዎታል። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ክብደቱ በአብዛኛው ፊት ላይ ስለሚያርፍ የኋላ ጎማዎቹ በቀላሉ ይሽከረከራሉ፤ ትንሽ ጭቃ ላይ ከቤት መኪና ቀድሞ ሲያዝም ይታያል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ከፎር ዊሉ ጋር የሚመጣው ከባዱ ዝቅተኛ ማርሽ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ጭነው ሲወርዱ ግን መኪናውን መያዝ ያለበት የተለመደው ማርሽ ነው፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ካላደረጉ፣ እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

አብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ ያለው ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ እንዲሠራ የታሰበ እንዳልሆነ ይወቁ፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች ኩርባ ላይ እኩል ስለማይሽከረከሩ ካምቢዮውና ዲፈረንሺያሉ ይጨነቃሉ። ሱፐር ሴሌክት የተባለው፣ በደረቅ አስፋልትም ላይ የሚሠራ ፎር ዊል ያላቸው የሚትሱቢሺ ኤል200 ዓይነቶች ከዚህ ይለያሉ። ከከተማ ለማይወጣ ሰው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚነዳው ፒክአፕ ርካሽም ቀላልም ነውና በቂ ነው።

ከሃይሉክስ፣ ከዲማክስ፣ ከኤል200 እና ከቻይና ፒክአፖች የትኛው ይሻላል?

ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት ሲሆን፣ በአገራችን ዋነኛ ብልጫው ሲሸጡት ዋጋውን አለመጣሉና መለዋወጫው በየከተማው መገኘቱ ነው። ይሁንና በዚሁ ስም ምክንያት አሮጌው ሃይሉክስ ከሚገባው በላይ ተወድዶ ይሸጣል፤ በተመሳሳይ ገንዘብ ዕድሜው በብዙ ዓመት የሚያንስ ዲማክስ ማግኘት ይቻላል። የኢሱዙ ዲማክስ 2.5 እና 3.0 ሊትር ሞተሮች ለጭነት የሚሆን ጽናት አላቸው። ኤል200 ደግሞ በጠባብ ቦታ ለመዞር ከሁሉም ይቀላል፤ 5.9 ሜትር በሆነ ራዲየስ ስለሚዞር በኮንዶሚኒየም ግቢዎችና በመርካቶ ጎዳናዎች ላይ ልዩነቱ ይሰማዎታል።

የቻይና ፒክአፖችን በጅምላ መናቅ ትክክል አይደለም። አዲስ የቻይና ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከአሮጌ ጃፓን ሠራሽ ጋር ይቀራረባል፤ ዋስትና ያለው አዲስ መኪና ደግሞ የማይታወቅ ታሪክ ካለው መኪና የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወሳኙ ጥያቄ ያንን ልዩ ሞዴል የሚያውቅ መካኒክና የመለዋወጫ አቅራቢ በሚኖሩበት ከተማ መኖር አለመኖሩ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሶማሌ ተራ ወይም በከተማዎ ያለው የመለዋወጫ ሰፈር ሄደው የሦስት ነገሮችን ዋጋ ይጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊት መብራትና የራዲያተር። ሦስቱም በዕለቱ ካልተገኙ መኪናው በተበላሸ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆም እንደሚችል ይገንዘቡ።

ባዶውን ሲሄድ ለምን ይነጥራል?

የኋላው ባሌስትራ የተሠራው አሥር ኩንታል ለመሸከም ስለሆነ፣ ምንም ሳይጫን ኮረኮንች ላይ ሲነዳ አይለጠጥም። ብዙ ሰው ለጭነት የተነፋውን ጎማ ከጭነቱ በኋላ ሳያስተነፍስ መንዳቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ የበሩ ሰሌዳ ለባዶና ለጭነት የተለያየ የንፋስ መጠን ያሳያል። በክረምት ሁለት ከረጢት አሸዋ ከኋላ አክሱ በላይ አስሮ መጫን ለመንጠሩም ለመንሸራተቱም ይረዳል።

አውቶማቲክ ፒክአፕ ልግዛ?

በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ በየቀኑ ለሚውል ሰው ጉልበት ይቆጥባል። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚሠራ ግን ማንዋሉ ይሻላል፤ ፍሪሲዮን የትም ይቀየራል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮን በትክክል የሚጠግን ባለሙያ ግን በየከተማው አይገኝም።

ዱባይ ወይም ሳዑዲ ያለ ዘመዴ ገዝቶ ቢልክልኝ ያዋጣኛል?

እዚያ ያለውን ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን ብዙዎችን ጎድቷል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ የሚጣለው ግብር እንደ ዕድሜው እየከበደ ስለሚሄድ፣ በባሕረ ሰላጤው ርካሽ የሆነው አሮጌ መኪና እዚህ ሲደርስ ከአዲሱ ሊወደድ ይችላል። በተጨማሪም መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ለመግዛት ያሰቡት ፒክአፕ በየትኛው ምድብ እንደሚታይና ስንት እንደሚቀረጥ ከጉምሩክ ኮሚሽን ሳያረጋግጡ ዘመድዎ አንድም ድርሃም እንዳይከፍል ያድርጉ።

ያገለገለ ፒክአፕ ስገዛ ምን ምን ልመልከት?

ከሞተሩ በፊት ሻንሲውን ይመልከቱ፤ ሞተር ይታደሳል፣ ሻንሲ ግን እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያ ፒክአፔን የገዛሁት በጠዋት፣ ታጥቦ በሚያብለጨልጭበት ሰዓት ነበር። ካሶኒው ውስጥ አዲስ ላስቲክ ተነጥፎበት ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ አንሥቼ ማየት አልመጣልኝም። ከሁለት ወር በኋላ ላስቲኩን ስገልጠው ላሜራው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚረግፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ከሥሩ ያለው ሻንሲም የኋላው ባሌስትራ በሚያያዝበት ቦታ ተበይዶ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋኖስ ባትሪና ካርቶን ይዤ ካልሄድኩ መኪና አላይም። ካርቶኑን አንጥፈው ከሥር ይግቡና፣ ከጋቢናው ጀርባና ከባሌስትራው ማያያዣ አካባቢ ያለውን ሻንሲ በጣትዎ ይዳስሱ። የፋብሪካ ብየዳ ወጥና ቀጭን ነው፤ የጋራዥ ብየዳ ግን ቀለም ቢቀባም ጎርበጥ ይላል።

ሞተሩን ሌሊት ባደረበት ቅዝቃዜ ሳይነሣ ይድረሱበት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሣ የሚወጣው ጭስ ወዲያው ካልጠራና ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ያቃጥላል፤ ነጭ ሆኖ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ተገልብጦ ቢያስቀምጡት፣ ከውስጥ በሚወጣ ግፊት እየዘለለ የሚወድቅ ከሆነ የሞተሩ ፋሻዎች (የፒስተን ቀለበቶች) አልቀዋል ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ፤ የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክና የመሪው ቆዳ ማለቅ የተሻለ ይናገራሉ።

ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን 2.5 እና 3.0 ሊትር ዲፎርዲ ሃይሉክሶች በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ያለው የታይሚንግ ቺንጊያ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) በ150,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ የታዘዘ ሲሆን፣ ሳይለወጥ ቆይቶ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን ያወድማሉ። መለወጡን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ይቁጠሩና ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

በውክልና ብገዛው ምን ችግር አለው?

ስም ለማዞር የሚወጣውን ወጪ ለማዳን በውክልና ብቻ ተሽጠው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፉ ፒክአፖች ብዙ ናቸው። ውክልና ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰጪው ሊሽረው ይችላል፣ ሰጪው ሲሞትም ይቋረጣል፤ በዚያን ጊዜ ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መቆም ሊመጣ ነው። ከሻጩ ጋር ውልና ማስረጃ ከመግባትዎ በፊት፣ መኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ከተመዘገበበት ቢሮ ያጣሩ፤ በሊብሬው ላይ ያሉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮችም መኪናው ላይ ከተመቱት ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ተሞርዶ ወይም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙት ግብይቱን እዚያው ያቁሙ።

ሰሌዳውም ከአጠቃቀምዎ ጋር መስማማት አለበት። ለረጅም ዓመታት በነበረው አሠራር ኮድ 2 ለግል፣ ኮድ 3 ለንግድ ስለሆነ፣ በግል ሰሌዳ የሰው ዕቃ በክፍያ ማመላለስ ያስጠይቃል።

የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ልጠብቅ?

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ጉልበቱን አያጣም፤ ቁልቁለት ላይም ወደ ባትሪው ኃይል እየመለሰ ራሱን ይይዛል። ለደጋ አገር ከዚህ የሚስማማ ጠባይ ማሰብ ያስቸግራል። እንደ ጂሊው ሪዳራ አርዲ6 ያሉት ሞዴሎች ለቤተሰብ የሚመች ውስጣዊ ይዘት ያላቸው ናቸው።

እንቅፋቱ ኃይል መሙላት ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን በተራ የቤት ሶኬት በ2.2 ኪሎ ዋት ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ጭነት ሲበዛ ደግሞ በአንድ ሙሊት የሚኬደው ርቀት ያጥራል። በቀን ከ60 እና 70 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚያድርና አስተማማኝ መብራት ያለው ሰው አሁኑኑ ሊገዛው ይችላል። ሥራው ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር የሚያመላልሰው ሰው ግን በሚሄድባቸው ከተሞች የመሙያ ጣቢያ መኖሩን በአካል ሄዶ ካላየ፣ ለጊዜው ከናፍጣው ጋር ቢቆይ እመክረዋለሁ።

ሻንሲው የተበየደ ነገር ግን በጣም ርካሽ የሆነ ፒክአፕ ላይ ብወስንስ?

የተበየደበት ቦታ ይወስነዋል። ከካሶኒው ጫፍ ላይ፣ ከባሌስትራው የኋላ ማያያዣ ባሻገር ያለ ብየዳ የጭነቱን ሙሉ ክብደት ስለማይሸከም፣ በአግባቡ ከተሠራና ዋጋው ያንን ካሳየ ለቀላል የከተማ ሥራ ሊታለፍ ይችላል። ከጋቢናው ጀርባ ወይም በሁለቱ የባሌስትራ ማያያዣዎች መካከል የተበየደ ግን በዚያው ቦታ መልሶ የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ የሚሰነጠቀውም ቆሞ ሳለ ሳይሆን ጭኖ ጉድጓድ ሲመታ ነው። የመሪው ሳጥን በተያያዘበት የፊት ሻንሲ ላይ ብየዳ ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት። ከመወሰንዎ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ሻንሲው ወይም አክሱ ከቦታው ሳይናወጥ አልቀረም፤ ጎማ በየጥቂት ወሩ እየበላም ያስቸግርዎታል።